ማጣሪያ ማለት ማጨለሚያ አይደለም፦ ፀሐይን በቴሌስኮፕ ፎቶግራፍ ስለማንሣት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት ነበር። የቀለበት ግርዶሹ ወለጋንና ጎጃምን አቋርጦ በላሊበላ ሲያልፍ፣ አዲስ አበባ ለነበርነው ከፊሉ ደረሰን። አንድ የማከብራቸው ጎረቤቴ የደረት ራጅ ፊልማቸውን በዓይናቸው ፊት ዘርግተው ሽቅብ ይመለከታሉ። በጎድን አጥንቶቹ ምስል መካከል የተገመጠች ፀሐይ ትታያለች። «ልጄ፣ ጨለም ካለ ምንም አይጎዳም» አሉኝ። የያዝኩትን የግርዶሽ መነጽር ሰጥቻቸው ራጁን ተቀበልኳቸው። ከዚያ ወዲህ ፀሐይን በቴሌስኮፕ ማንሣት የጀመሩ ብዙ ወጣቶች አግኝቻለሁ፤ አብዛኛው ስሕተታቸው የሚመነጨው ከዚያው ከአባባ ንግግር ነው፦ ማጣሪያ ማለት ማጨለሚያ ነው ከሚል ሐሳብ።

«ጨለም ካለ አይጎዳም»

ይጎዳል። የራጅ ፊልም፣ ጥቀርሻ የተቀባ መስታወት፣ ሲዲ፣ የተደራረበ የፀሐይ መነጽር፣ ሁሉም የሚታየውን ብርሃን ይቀንሳሉ፤ ዓይን የማያየውን ታሕተ ቀይ ጨረር ግን ሊያሳልፉ ይችላሉ። ይባስ ብሎ ጨለማው የዓይን ብሌንን ያሰፋዋል፣ ሰውየውም ሳይሳቀቅ ረጅም ጊዜ ያፈጥጣል። ብርሃን የሚቀበለው የዓይን የኋላ ሽፋን፣ ሬቲና፣ የሕመም ስሜት ስለሌለው ሲቃጠል አይነግረንም፤ ጉዳቱ የሚታወቀው ከሰዓታት በኋላ፣ በሚያዩት ነገር መሐል ጥላ ሲቀመጥ ነው። በትክክል የተሠራ የፀሐይ ፊልም፣ ማለትም ለፀሐይ መመልከቻ የሚሠራ ስስ ማጣሪያ፣ የሚያሳልፈው ከመቶ ሺህ አንድ እጅ ያህሉን ብቻ ነው፣ የማይታዩትንም ጨረሮች ይከለክላል። የግርዶሽ መነጽር ደግሞ ለባዶ ዓይን ብቻ የተሠራ ነው። እሱን አድርጎ በቴሌስኮፕ ወይም በባይኖኩላር ማየት ዓይንን አሳልፎ መስጠት ነው።

«ማጣሪያው የትም ቢገጠም ያው ነው»

አይደለም። የመጀመሪያ ቴሌስኮፔን ስገዛ፣ በሳጥኑ ውስጥ ከዓይን ሌንሱ ሥር የሚጠመዘዝ፣ «ለፀሐይ» የሚል የተጻፈበት ትንሽ ጥቁር መስታወት ነበረ። ዛሬ እንዲህ ያለውን ሳገኝ ሌላ ሰው እንዳያነሣው ሰብሬ እጥለዋለሁ። ምክንያቱን በቁጥር እንየው፦ በጠራ ቀትር አንድ ካሬ ሜትር መሬት ወደ 1,000 ዋት የሚጠጋ ኃይል ከፀሐይ ይቀበላል። ስፋቱ 60 ሚሊሜትር የሆነ ሌንስ ከዚያ ውስጥ ወደ 3 ዋት ገደማ ይሰበስባል፤ የሰበሰበውንም ከጥፍር በማትበልጥ ቦታ ላይ ያከማቻል። ያ ትንሽ መስታወት የተቀመጠው ሙቀቱ በሚከማችበት በኩል ነው። ሲግል ይሰነጠቃል፤ ሲሰነጠቅ ደግሞ የሚመለከተው ሰው ዓይን እዚያው ነው። ስለዚህ የፀሐይ ፊልም የሚገጠመው ከቴሌስኮፑ አፍ ላይ፣ ብርሃኑ ከመግባቱ በፊት ነው። ነፋስ እንዳያነሣው አጥብቆ ማሰር፣ ከመግጠም በፊትም ወደ አምፖል አቅንቶ የመርፌ ቀዳዳ የሚያህል ጭረት እንኳ እንደሌለበት ማየት ያስፈልጋል።

አነጣጣሪዋን ትንሽ ቴሌስኮፕም አትርሱ፤ ትከደን ወይም ትነቀል። ፀሐይን ለማግኘት እርሷ አታስፈልግም። የቴሌስኮፑን ጥላ መሬት ላይ እያያችሁ አዙሩት፤ ጥላው አጥሮ ክብ ሲሆን ፀሐይ ገብታለች።

«ለሃይድሮጅን አልፋ ቀይ ማጣሪያ ይበቃል»

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ የነገሩ ውበት ሁሉ ያለው እዚህ ነውና። ሃይድሮጅን አልፋ የሚባለው ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ 656.28 ናኖሜትር ነው፤ በሃይድሮጅን አቶም ውስጥ ያለ ኤሌክትሮን ከሦስተኛው እርከን ወደ ሁለተኛው ሲወርድ የሚለቀው ጥልቅ ቀይ። በተለመደው ማጣሪያ የምናየው የፀሐይ ገጽ፣ ፎቶስፌር፣ እጅግ ደማቅ ስለሆነ ከላዩ ያለውን ስስ የጋዝ ንጣፍ፣ ክሮሞስፌርን፣ ይውጠዋል። በዚህች አንዲት የሞገድ ርዝመት፣ መስመር በምንላት፣ ላይ ግን የክሮሞስፌሩ ሃይድሮጅን ከሥር የሚመጣውን ብርሃን ይይዘዋል፤ ስለዚህ እዚያ ላይ ክሮሞስፌሩ ራሱ ይታያል። ጥያቄው እንግዲህ ማጣሪያው ምን ያህል ይጨልማል ሳይሆን ምን ያህል ጠባብ ነው የሚል ነው።

ለፀሐይ የሚሠሩት ከ1 አንግስትሮም፣ ማለትም ከናኖሜትር አንድ አሥረኛ፣ የጠበቡ ናቸው፤ 0.7 አንግስትሮም የተለመደ ነው፣ ሁለት ሲደራረቡ ወደ 0.5 ይወርዳል። ለኔቡላ፣ ማለትም በከዋክብት መካከል ላለ የጋዝ ደመና፣ ፎቶግራፍ በዚሁ ስም የሚሸጠው ማጣሪያ ግን ብዙ ጊዜ 7 ናኖሜትር ነው፤ መቶ እጥፍ ይሰፋል። ስሙ አንድ ነው ብሎ እሱን ወደ ፀሐይ ማዞር ለዓይንም ለካሜራም አደጋ ነው፣ ክሮሞስፌርንም አያሳይም።

ጠባቡን መስኮት የሚሠራው ኢታሎን ይባላል። እጅግ የተስተካከሉ ሁለት መስታወቶች ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ ብርሃኑ በመካከላቸው ባለው ቀጭን ክፍተት እየተመላለሰ የተወሰኑ ሞገዶች ብቻ እየተደጋገፉ ይወጣሉ። የሚወጡት እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ብዙ ስለሆኑ፣ ሌላ ማጣሪያ ከጥርሶቹ አንዱን ብቻ ያስቀራል፤ ሙቀቱን የሚመልስ ሌላም አለ። አንዳንዶቹ ክፍሎች በቴሌስኮፑ ሆድ ውስጥ ወይም ከዓይን ሌንሱ አጠገብ ይቀመጣሉ። ይህ ከላይ የተናገርኩትን አይሽረውም፤ ሁሉም አንድ ላይ የታሰቡ ናቸውና ፈትቶ አንዱን ማውጣት ወይም ከሌላ መሣሪያ ጋር ማዳቀል አይገባም።

ኢታሎኑ በጣት ጫፍ ይቃኛል። መጀመሪያ የሚታየው ምንም የሌለበት ቀይ ሳህን ነው። ቀለበቱን ጥቂት ሲያዞሩት ገጹ ይሻክራል፤ ጥቂት ሲጨምሩ ጥቁር ክር በሳህኑ ላይ ይጋደማል፤ ከጠርዙም የጋዝ ቅስት ይነሣል። ክሩና ቅስቱ አንድ ዓይነት ነገር ናቸው፤ ከደማቁ ገጽ ፊት ሲሆን ይጠቁራል፣ ከጥቁሩ ሰማይ ፊት ሲሆን ያበራል። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ስረዳ ዓይኔን ከሌንሱ ማንሣት አቃተኝ።

«በፎቶው ላይ ያለው ብርቱካናማ የፀሐይ ቀለም ነው»

ከከባቢ አየር ውጪ ሲያዩአት ፀሐይ ነጭ ናት። በማጣሪያው የሚያልፈው ደግሞ አንድ ጥልቅ ቀይ ብቻ ነው። ቀለም በሚለይ ካሜራ ይህን ብርሃን በደንብ የሚቀበለው ከየአራቱ የካሜራው ብርሃን ተቀባይ ነጥቦች አንዱ፣ ቀዩ፣ ብቻ ስለሆነ ብዙዎቻችን ጥቁርና ነጭ ካሜራ እንመርጣለን፤ ወርቃማውን ቀለም የምንጨምረው በኋላ በኮምፒውተር ነው። ማታለል አይደለም፤ ዓይን ከደማቅ ቀይ ይልቅ በወርቃማው ላይ ዝርዝሩን በተሻለ ይለያል። ቀለሙ እንደተጨመረ መናገር ግን ግዴታችን ነው።

«ጥሩ ካሜራ ካለ አንድ ፎቶ ይበቃል»

የምንቀርጸው ቪዲዮ ነው። አየሩ ምስሉን ያናውጠዋል፤ ከአንድ ሺህ ምስሎች ውስጥ አየሩ ለቅጽበት ጸጥ ሲል የተያዙት ጥቂት ናቸው። አውቶስታከርት የመሳሰሉ ፕሮግራሞች እነዚያን መርጠው ይደራርቧቸዋል። ቅስቶቹ ከገጹ በጣም ስለሚደበዝዙ ለእነርሱ ብቻ ረዘም ያለ ብርሃን የሚቀበል ሌላ ቀረጻ ያስፈልጋል።

«ቀትር ላይ፣ በትልቅ ቴሌስኮፕ»

ሁለቱም አይደሉም። በቀትር አስፋልቱና የቆርቆሮ ጣራው የሚለቁት ሙቀት ምስሉን ያፈላዋል። ከጠዋቱ 2 እስከ 4 ሰዓት፣ ሣር ላይ ቆሞ፣ ራስንና ኮምፒውተሩን በጥቁር ጨርቅ ሸፍኖ መሥራት ይሻላል። 40 ሚሊሜትር ስፋት ያለው የሃይድሮጅን አልፋ ቴሌስኮፕ ክሮችንም ቅስቶችንም ያሳያል።

«የሚታየው በግርዶሽ ቀን ብቻ ነው»

በአንድ ወቅት እውነት ነበር። እነዚያን ቅስቶች ሰው የሚያያቸው ጨረቃ ፀሐይን ሙሉ በሙሉ በሸፈነችባቸው ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 18 ቀን 1868 ፈረንሳዊው ዡል ዣንሰን በህንድ ጉንቱር ግርዶሹን ሲመለከት ከቅስቶቹ የሚመጡት የብርሃን መስመሮች እጅግ ደማቅ መሆናቸውን አየ፤ በማግስቱ ያለ ግርዶሽ ደግሞ አገኛቸው። እንግሊዛዊው ኖርማን ሎክየርም በዚያው ዓመት ጥቅምት በራሱ መንገድ እዚያው ደረሰ። ዛሬ በየትኛውም የጠራ ጠዋት የሚታይ ነገር አለ። ፀሐይ ከመሬት ሲያዩአት በ27 ቀን ገደማ አንድ ዙር ትዞራለች፤ አንዳንድ ቅስት በግማሽ ሰዓት ውስጥ መልኩን ይቀይራል።

«ግርዶሹ ሲጀምር ማጣሪያው ይነሣል»

ይህን አሁን የምጽፈው ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2 ቀን 2027) ሙሉ ግርዶሽ ስለሚኖር ነው። በግብፅ ሉክሶር ላይ ከ6 ደቂቃ በላይ ይቆያል፤ ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት ጅዳም በመንገዱ ላይ ናት። ኢትዮጵያ ውስጥ የሚታየው ከፊሉ ነው፤ እዚህ ማጣሪያው ለአንድ ሰከንድም አይነሣም። ጅዳ ያላችሁ የመጨረሻዋ የብርሃን ነጥብ እስክትጠፋ ጠብቁ፤ ያኔ አንሡት፣ ቅስቶቹንም በባዶ ዓይን እዩ። ከዚያ በሌላው ጠርዝ የመጀመሪያዋ ነጥብ ከመውጣቷ በፊት ወደ ቦታው መልሱት።