«አህያውን ፈርቶ ዳውላውን»፦ ትርጉሙና የኮንስታንቲን ታሪክ

ዳውላ አህያ ላይ የሚጫነው እህል የሞላው ትልቁ ከረጢት ነው። ገበያ መንገድ ላይ አህያው አልሄድም ብሎ ይገትራል፣ ሰውየው ዱላውን አንስቶ ከኋላ ሊመታው ሲል እርግጫው ትዝ ይለውና ዱላውን ዳውላው ላይ ያሳርፈዋል፣ አቧራው ቡን ይላል አህያው ግን ንቅንቅ የለም። አባባሉ የወጣው ከዚህ ከጫኞች ኑሮ ነው፣ ትርጉሙም ጉልበተኛውን ፈርተህ ንዴትህን አጠገቡ ባለው አቅመ ቢስ ላይ መወጣት ማለት ነው።

እኔ ይሄ አባባል በጣም የሚመጣብኝ ስለ አልጄሪያዋ ከተማ ስለ ኮንስታንቲን ሳነብ ነው። እዛ አይሁዱም ሙስሊሙም አንድ ገበያ ሲገበያይ በአንድ አረብኛ ሲያወራ ኖሯል (ሁሌ ሰላም ነበር አልልም፣ አልነበረም)። ፈረንሳይ አገሩን ከያዘች በኋላ ግን በ1870 (እ.ኤ.አ. ነው፣ ከዚህ በታች ያሉትም እንደዛው) የክሬሚዩ ድንጋጌ በሚባለው ወደ 35 ሺህ የሚጠጉ አይሁዶችን ዜጋ አደረገች፣ ሙስሊሙን ደግሞ በገዛ አገሩ «ተገዢ» ብላ ለብቻው ባወጣችለት ህግ ትቀጣው ጀመር። መሬቱን የወሰደበት ከአውሮፓ የመጣው ሰፋሪ ነው፣ ሰፋሪው ጋ ግን ወታደርና እስር ቤት አለ። ደሞ ሰፋሪዎቹ ራሳቸው አይሁድ ጠል ነበሩ፣ በ1898 ማክስ ሬዢስ የአልጀርስ ከንቲባ ሆኖ የተመረጠው በዚሁ ቅስቀሳ ነው።

ኦገስት 3 ቀን 1934 አርብ ማታ አንድ የሰከረ አይሁዳዊ ወታደር መስጊድ ጋ ከሰጋጆች ጋር ተጣላ። እሁድ ደሞ የሙስሊሞቹ ተመራጭ ዶክተር ቤንጀሉል ተገደሉ ተብሎ ተወራ፣ ውሸት ነው፣ ሰውየው በህይወት ነበሩ፣ ግን ወሬው ከተማውን አዳርሶ አልቋል። 25 አይሁዶች ተገደሉ፣ ቤታቸው ውስጥ ያሉ ህጻናት ሳይቀሩ፣ ከሙስሊሞቹም የሞቱ አሉ። አይሁድ ጎረቤቶቻቸውን የደበቁ ሙስሊሞችም ነበሩ። የፈረንሳይ ጦር እዛው ከተማ ውስጥ ሆኖ ቶሎ አልደረሰም፣ አውሮፓዊውን ሰፋሪ ደሞ የነካው የለም ማለት ይቻላል። አባባሉ እዚህ ጋ ያጥርብኛል፣ ዳውላ ቢመቱት አያመውም እነዚህ አይሁዶች ግን ሰው ናቸው፣ አህያው ላይ የወጡትም ወደው አይደለም፣ የጫናቸው ሌላ ነው።

በ1940 የቪሺ መንግስት (ፈረንሳይ በጀርመን ስትሸነፍ የተቋቋመው) የክሬሚዩን ድንጋጌ ሰረዘው፣ የአይሁዶቹ ዜግነት በአንድ ፊርማ ሄደ፣ በኋላም ብዙ ልጆቻቸው ከትምህርት ቤት ተባረሩ። ለሙስሊሙ ድንጋጌው በተሰረዘ ቀን የተጨመረለት አንድም መብት የለም።