ጽዋ ማኅበር ምንድን ነው? (እባካችሁ እድር አትበሉት)

ሰሞኑን ታክሲ ውስጥ ሬዲዮ ተከፍቶ አንድ እንግዳ ስለ ቁጠባ ባህላችን ሲያወራ ሰማሁ። እቁብን አስረዳ። እድርን አስረዳ። ከዚያ በአንድ ትንፋሽ፣ "ጽዋ ማኅበር ደግሞ ያው በሃይማኖት ስም የሚጠራ እድር ነው፤ ወር በወር ይበላል፣ ይጠጣል፣ ሰው ይረዳዳል" ብሎ ወደ ማይክሮ ፋይናንስ ተሻገረ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ነጠላቸውን መለስ አድርገው "ወይ ጉድ!" አሉ። እኔም ልወርድ ዳድቶኝ ነበር፤ ግን ሜክሲኮ ገና ነው።

የመጀመሪያዬ ቢሆን ዝም እል ነበር። የተማሪዎች መመረቂያ ጽሑፍ ላይ አንብቤዋለሁ። ውጭ አገር ያሉ ወዳጆቼ ለልጆቻቸው ሲያስረዱም "እድር ቢጤ ነገር ነው" ሲሉ ሰምቻለሁ። ሥራዬ ፎክሎር ነው፤ የሰው ልማድ ስመዘግብ ነው የምውለው። እናም ይህቺ አባባል ልክ ጫማ ውስጥ እንደገባች ጠጠር ናት።

ማኅበሩ እንዴት እንደሚዞር ለማስረዳት አልደክምም። 12 ሚካኤል፣ 21 ማርያም፣ 23 ጊዮርጊስ፣ 27 መድኃኔ ዓለም፤ ማኅበርተኛው ወር በወር በቅዱሱ ቀን ተረኛው ቤት ይሰበሰባል፣ ጽዋውም ለቀጣዩ ተረኛ ይሰጣል፣ ተራ በተራ፣ ከቤት ወደ ቤት። ዝርዝሩን የሚፈልግ አንባቢ ካለ ጎረቤቱን ይጠይቅ። በቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሚደረገው ሰንበቴ ነው፤ እሱ ሌላ ነው። እኔ የማወራው ቤት ስለሚገባው ነው።

እንግዲህ እድር ምን ያደርጋል? ይቀብራል። ድንኳን ይተክላል፣ ወንበርና ድስት ያወጣል፣ ሐዘንተኛው እጅ ላይ ገንዘብ ያስቀምጣል። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ እድር ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም ፕሮቴስታንቱም አብረው ይከፍላሉ፣ አብረው ድንኳን ይተክላሉ። ትልቅ ነገር ነው፣ ላጣጥለው አልመጣሁም። ግን እድር የማንን ስም እንደምትጠራ አይጠይቅህም። መዋጮህን ከከፈልክ በቃው። ከጽዋ ማኅበር ውስጥ ግን ቅዱሱን ብታወጣው የሚቀርህ ምሳ ብቻ ነው።

(ሳልጠየቅ አንድ የሙያ ማሳሰቢያ ላስገባ። እድር በዛሬ መልኩ በከተሞች የተስፋፋው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። የቅዱሳንን ቀን ማክበር ግን ከዚያ እጅግ ይቀድማል፤ 33ቱ የእመቤታችን በዓላት በሥርዓት እንዲከበሩ ያዘዙት ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው። ስለዚህ ማኅበርን የእድር ልጅ ማድረግ በዘመን ቆጠራም አያስኬድም። "እንግዲያው እድር ነው የማኅበር ልጅ" ብላችሁ እንዳትሮጡ ደግሞ፤ ተማሪ እንዲህ ሲጽፍልኝ ማርክ እቀንሳለሁ።)

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። አያቴ አገር ክብሪት እንደ ልብ በማይገኝበት ጊዜ ማታ ፍሙ በአመድ ተዳፍኖ ያድር ነበር። ጠፍቶ ከነጋ አንድ ልጅ ገል ይዞ ጎረቤት ይላካል፤ "እሳት ጭረህ ና" ተብሎ። ጎረቤትየዋ ሁለት ፍም ታደርግለታለች። የእሷ ምድጃ በዚህ ምክንያት አይጎድልም። ማታ መጥታም "እሳቴን መልሱ" አትልም። እቁብ እንዲህ አይደለም። የእኔ 1000 ብር ወደ አንተ ሲሄድ ከእኔ ኪስ ጎድሎ ነው፤ ስለዚህ ይጻፋል፣ ዋስ ይጠራል፣ የጠፋ ይከሰሳል። ጽዋው ከቤት ወደ ቤት ሲሄድ የሚዞረው እሳት ነው። ምድጃው ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ታቦቱም ቅዳሴውም ያለው እዚያ ነው። ማኅበርተኛው ከዚያ ጭሮ ወደ ቤቱ ይወስዳል። ወሩን ሙሉ ጽዋው በጨርቅ ተሸፍኖ ሙዳይ ውስጥ ይቀመጣል፣ እንደተዳፈነ ፍም። ቀኑ ሲደርስ አመዱ ይገለጣል። እሳት የሚጭር ልጅ መንገድ ላይ ኳስ አይጫወትም፣ ይጠፋበታላ። ጽዋ የተረከበችም ሴት ወሩን እንዲሁ ተጠንቅቃ ነው የምታሳልፈው፤ አፏን ትሰበስባለች፣ ጠብ ትሸሻለች፣ ለማኝ ባዶ እጁን አትመልስም። ገሉ ደግሞ ቀጭን ከሆነ እጅ ያቃጥላል... እዚህ ላይ ገሉ ምን እንደሚወክል ለራሴም አልገባኝም፤ ልተወው።

በነገራችን ላይ "ቤተ ክርስቲያን ባልሄድም ማኅበር አለኝ፣ ይበቃኛል" ለሚሉም መልሱ እዚሁ አለ። ምድጃው ከጠፋ ከየት ይጫራል?

ወደ ሬዲዮው ሰውዬ ልመለስ። እድርና ማኅበር አንድ ከሆኑ የመሪዎቻቸው ስም ለምን ተለያየ? እድር ዳኛ አለው። ማኅበር ሙሴ አለው። አንደኛው ስም ከፍርድ ቤት የመጣ ነው፤ ሌላኛው ሕዝቡን ወደ እግዚአብሔር ከመራው ነቢይ። ሰዎቹ ራሳቸው ስም ሲያወጡ ምን እያደረጉ እንደሆነ ያውቁ ነበር። (አጠራሩ እንደየአገሩ ሊለያይ ይችላል፤ እኔ የመዘገብኩት የሸዋና የአዲስ አበባን ነው።)

ባለፈው ጥቅምት 21 አንዲት ዘመዴ ቤት ነበርኩ። ቄጠማ ተጎዝጉዟል፣ ዳቦው ገና ትኩስ ነው፣ ሽታው ደረጃው ድረስ ወርዷል። ጽዋው ከሙዳዩ ወጣ። የሸክላ ነው፤ አፉ በአንድ በኩል ተሸርፏል። ከአማቷ እናት ጊዜ ጀምሮ ሲዞር የኖረ ነው አሉኝ። ጠላ ተሞላ። ካህኑ ጸሎት ሊጀምሩ ሲሉ የማኅበሩ ሙሴ፣ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፣ ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው "ቂም የያዘ አለ?" አሉ። ዝም። ሰው ሁሉ ግን ወደ ሁለት ሴትዮዎች ያያል። በአጥር ሥር በሚወርድ የልብስ እጣቢ ውኃ ክረምቱን ሙሉ ተዘጋግተው ከርመዋል። ሙሴው "እንግዲያው ይቆያል" አሉና ጽዋውን መልሰው በነጠላው ሸፈኑት። በቃ፣ ሌላ ቃል የለም። ካህኑም ቁጭ አሉ። እኔ የምገባበት ጠፋኝ። አንድ ሕፃን "ዳቦው መቼ ነው?" ብሎ ጮኸ። ምናልባት አሥር ደቂቃ ይሆናል፤ ታላቅየዋ ድንገት ብድግ ብለው ሄደው ሌላኛዋን በትከሻቸው ገፋ አደረጓቸውና "አንቺ ደግሞ፣ ይቅር ለእግዜር" አሉ። ሌላኛዋም "ይቅር ለእግዜር" አሉና ማልቀስ ጀመሩ። ከዚያ በኋላ ነው ጽዋው የተገለጠው።

አሁን ይህን በእድር ሞክሩት። ከተጣላኸው ሰው ጋር 20 ዓመት እድር መክፈል ትችላለህ። ያ የተጣላኸው ሰውዬ ፊቱን አዙሮም ቢሆን ድንኳንህን ይተክልልሃል። ማንም አይከለክልህም፣ ደንቡም አይከለክልህም። ጽዋ ግን በቂም አይጠጣም። ወንጌሉ "አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ" የሚለውን የሚናገረው መባ ይዞ ለመጣ ሰው ነው፤ መዋጮ ይዞ ለመጣ አይደለም።

ሌላው "ይበላል፣ ይጠጣል" የሚለው ነው። የሚበላው ዝክር ነው። ዝክር በግእዝ ዘከረ፣ "አሰበ" ከሚለው የመጣ ነው። ቅዱሱ በስሙ በተሰጠ ዳቦና ጠላ ይታሰባል። ሰው ሁሉ በላዔ ሰብእን ያውቀዋል መቼስ፣ የካቲት 16 ኪዳነ ምሕረት ሲነገር የምንሰማውን። 78 ነፍስ የበላ ሰው። ውኃ ጥም ያቃጠለውን አንድ በሽተኛ በእመቤታችን ስም ስለለመነው ጥርኝ ውኃ አጠጣው፤ ነፍሱ በተመዘነች ጊዜ ያቺ ጥርኝ ውኃ ሚዛን ደፋች። የማኅበሩ ዳቦ የተጋገረው በዚህች ጥርኝ ውኃ ነው። ከጀርባው ደግሞ ወንጌሉ አለ፤ አንድ ጽዋ ቀዝቃዛ ውኃ በደቀ መዝሙር ስም ያጠጣ ዋጋው አይጠፋበትም የሚለው። እንግዲህ ጽዋ ከየት መጣ ለምትሉ... በግእዝ ጽዋዕ ኩባያ ነው፣ ጸውዐ ደግሞ ጠራ ማለት ነው፤ ፊደላቸው አንድ ነው። ዳዊትም "የመዳንን ጽዋ እቀበላለሁ፥ የእግዚአብሔርንም ስም እጠራለሁ" ሲል ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጧቸዋል። ሊቃውንቱ በዚህ ደስ እያላቸው ይጫወታሉ። እኔ ግን የቃል ጨዋታ ማስረጃ ነው አልልም፤ ደስ ይላል ብቻ።

ቁርባን ነው የሚልም አጋጥሞኛል። አይደለም። ለቅዳሴ ቢያንስ አምስት ልዑካን፣ ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት፣ ከእነሱም ጋር ታቦት ያስፈልጋል። ሳሎን ውስጥ ጠላ የተሞላ ሸክላ ሥጋ ወደሙ ሊሆን አይችልም። ይህን ማስረዳት ራሱ ያሳፍራል።

ለሰውዬው ግን ፍርድ ላጓድልበት አልፈልግም። ያየው ነገር አለ። ሳሎን ሙሉ ውስኪ የሚደረደርበት ማኅበር አይቻለሁ። ተራዋ ሲደርስ የእከሊትን ድግስ ለመብለጥ ብላ ተበድራ የሰጠች፣ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ አፍራ የቀረች ሴት አውቃለሁ። ካህኑ ጸሎቱን ሳይጨርሱ ቢራ የሚከፈትበት ቤትም አለ። እሳት ጭሮ ቤት የሚያቃጥልም አይጠፋም። ይህን ግን "እድር ነው" ብሎ ማለፍ ስንፍና ነው፤ እድር እንዲህ ዓይነት ጥፋት የለበትማ።

ዱባይ በሰው ቤት የምትሠራ አንዲት የአክስቴ ልጅ አለች። ስድስት ሆነው የማርያም ማኅበር አላቸው። 21 ቀን የትም ቢውል የሚገናኙት በዕረፍት ቀናቸው ነው፣ አንዷ በተከራየችው አልጋ ዙሪያ። ጠላ የለም፣ ቡናና ዳቦ ነው። ካህንም የለም፤ ውዳሴ ማርያሙን ከስልክ ላይ ያነባሉ። ጽዋው በሻርፕ የተጠቀለለ የመስታወት ኩባያ ነው። "ይሄ ጽዋ ይባላል?" ብላ ጠየቀችኝ። ይህን የነፍስ አባቷን ትጠይቅ፤ የእኔ ሙያ መመዝገብ ነው አልኳት። ስቃ "አንተ መቼም" አለችኝ።

ባለፈው ወር ተረኛዋ አሠሪዎቿ የዕረፍት ቀን የከለከሏት ልጅ ነበረች። ሌሎቹ አምስቱ ሕንፃው ሥር ሄደው ጠበቋት። ማታ ቆሻሻ ልትጥል ስትወርድ ኩባያውን ከነሻርፑ ሰጧት። ዳቦውን እነሱ ሊገዙ፣ ቡናውንም እነሱ ሊያፈሉ ተስማምተዋል። ጽዋው ግን ወሩን የሚያድረው እሷ ጋ ነው፤ ከትራሷ በታች፣ ልብሶቿ መሃል።