እባብ ያየ በልጥ በረየ

ሰሞኑን አንድ ሰው ዕቁብ አልገባም አለ። ከዚህ በፊት አንዱ ሰብሳቢ ብሩን ይዞበት ጠፍቷል። አጠገቡ የነበረው ግን «እባብ ያየ በልጥ በረየ! አንተ ፈሪ!» ብሎ ሳቀበት። ተረቱ ለስድብ ሲውል ስሰማ ደሜ ይፈላል።

እንዲህ የሚሉ ሰዎች ልጥ አይተው የሚያውቁ አይመስለኝም። በገጠር ጎጆ ሲቀለስ ማገሩ የሚታሰረው በልጥ ነበር። ሚስማር በገንዘብ ነው፤ ግራር ግን ደጅ አለ። እርጥቡ እንጨት ተቆርጦ ቅርፊቱ በረጅሙ ይላጣል። ሲደርቅ ስለሚሰበር ውሃ ውስጥ ይነከራል። ያለቀለትን ሰው «ልጡ የራሰ፣ ጉድጓዱ የተማሰ» የምንለው እንኳ ልጥ ሳይርስ ስለማያስር ነው። የራሰ ልጥ ደግሞ ጉድ ነው። ያብለጨልጫል፣ ያሙለጨልጫል፣ መሬት ላይ ሲጥሉት ይጠቀለላል።

አያቴ ቤት ደቦ ሲጠራ ልጥ አቀባዮቹ እኛ ልጆች ነበርን። አንዴ አክስቴ ጠላ ይዛ ስትመጣ እግሯ ሥር ልጥ አየች። ማሰሮውን ለቀቀችው። ቀደም ሲል እባብ ነድፏት ነበር። «ተንቀሳቀሰ እኮ!» ብላ ማለች። እኛ ስንስቅ አያቴ ተቆጡ፤ «እሷ ያየችውን እናንተ መች አያችሁ!»

የእኔ ግምት፣ ማስረጃ አትጠይቁኝ እንጂ፣ ተረቱ የተወለደው እንዲህ ያለ ደቦ ላይ ነው። ገመድ ሥራው ሲያልቅ ቤት ውስጥ ይሰቀላል። ልጥ ግን ለክዳን ከተከመረው ሳር አጠገብ ይጣላል። ሳር ክምር ውስጥ አይጥ አለ፤ አይጥ ካለ እባብም አይጠፋም። ስለዚህ የደነበረው ሰው ቂል አልነበረም።

የህንድ አድቫይታ ቬዳንታ ፈላስፎችም በድንግዝግዝ ገመዱን እባብ ብሎ ስለሚደነግጥ ሰው ያወራሉ። የእነሱ ሰው መብራት ቢያመጡለት ይረጋጋል። የእኛው ግን በጠራራ ፀሐይም ይደነብራል። እሱን ያሳሳተው ጨለማው ሳይሆን የደረሰበት ነገር ነው። ለሌላው ልጥ የሆነው ለእሱ ለቅጽበት እውነተኛ እባብ ነው።

ዛሬ ግን ቲክቶክ ላይ በሰማው ወሬ የሚሸበረውም በዚሁ ተረት ይጠራል። ተረቱ «ያየ» ይላል እኮ፣ ጎበዝ! ሳያይ ለሚደነብረው ሌላ ተረት ፈልጉለት።