ታንክ ጎታችና ጠጋኝ ብረት ለበሶች፦ ከጎጃም ዋልካና ከዓባይ በረሃ አንጻር

ታንክ ጎታች ብረት ለበስ የሚባለው የተመታን፣ የተበላሸን ወይም ጭቃ የያዘውን ታንክ ከወደቀበት አውጥቶ ወደ ጥገና ስፍራ የሚወስድ፣ ሲቻልም እዚያው የሚጠግን ወታደራዊ ተሽከርካሪ ነው። አካሉ አብዛኛውን ጊዜ የታንክ አካል ነው፤ መድፉና ማማው ተነሥተው በምትካቸው ክሬን፣ ዊንች (ገመድ እየጠመጠመ የሚስብ መሣሪያ)፣ መሬት ቆንጥጦ የሚይዝ የዶዘር ምላጭና የብየዳ መሣሪያ ይገጠሙለታል። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1943 በፓንተር ታንክ አካል ላይ ቤርገፓንተርን ከመሥራታቸው በፊት 57 ቶን የሚመዝነውን ታይገር ታንክ ለማንቀሳቀስ ሦስት ከባድ ጎታች መኪናዎችን አንድ ላይ ማያያዝ የተለመደ ነበር። ከኋለኞቹ መካከል የአሜሪካው ኤም88 እና በቲ72 አካል ላይ የተሠራው የሶቪየቱ ብሬም1 ይታወቃሉ።

ይህ ተሽከርካሪ የሚታገለው ከጥይት ይልቅ ብዙ ጊዜ ከመሬት ጋር ነው። በክረምት ደጀን ወይም ቢቸና ላይ ዋልካ የያዘው ኢሱዙ ሲወጣ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል፤ ጥቁሩ አፈር ውኃ ሲጠጣ ያብጥና ከሥር ይስባል፣ ስለዚህ ከመጎተት በፊት በአካፋ መቆፈር ይቀድማል። በሙያው የተለመደው ስሌት እንዲህ ነው፦ ጭቃው የታንኩን ጎማዎች ከዋጠ ለማውጣት የክብደቱን ያህል፣ ፓራፋንጎው ከደረሰ ሁለት እጥፍ፣ ማማው ከደረሰ ደግሞ ሦስት እጥፍ ኃይል ያስፈልጋል። ኢትዮጵያ በደርግ ዘመን ከሶቪየት ኅብረት ያገኘችው ቲ55 36 ቶን ስለሚመዝን እስከ ፓራፋንጎው ከሰመጠ 72 ቶን ይጠይቃል ማለት ነው። የብሬም1 ዊንች በቀጥታ የሚስበው ግን 25 ቶን ነው። ልዩነቱን የሚሞላው ካሩኮላ፣ ማለትም ገመድ የሚዞርበት መዘውር፣ ነው፤ ገመዱ ከታንኩ ጋር በታሰረ ካሩኮላ ዞሮ ወደ ጎታቹ ሲመለስ ኃይሉ እጥፍ ያህል ይሆናል፣ ፍጥነቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ካሩኮላዎች ሲደራረቡ ብሬም1 እስከ 100 ቶን ይስባል። ጎታቹ ራሱ ደረቅ መሬት ላይ ርቆ ቆሞ ምላጩን መቅበር አለበት፤ ቀርቦ ልርዳ ካለ ነገሩ ከድጡ ወደ ማጡ ይሆናል። ታንኩንም የሚስበው በገባበት አቅጣጫ ወደ ኋላ ነው፣ የተረገጠው መንገድ ይቀላልና።

ቁልቁለት ሌላ ጣጣ አለው። ከጎሐ ጽዮን አፋፍ እስከ ዓባይ ወንዝ ከ1000 ሜትር በላይ ይወረዳል፤ ሞተሩ የሞተ ታንክ በእንዲህ ያለ መንገድ በገመድ ብቻ ቢጎተት ወደፊት ተንደርድሮ ጎታቹን ይገጨዋል። ስለዚህ በገመድ ፋንታ የማይታጠፍ የብረት መጎተቻ ይታሰራል፣ ከኋላም ሌላ ከባድ ተሽከርካሪ ይዞት ይወርዳል። መንገዱ ረጅም ከሆነ ታንኩን በሎቤድ፣ ማለትም ዝቅ ባለ ከባድ ተሳቢ፣ መጫን ይሻላል።

ጥገናው ሲጀመር ክሬኑ የሞተሩን ክዳን፣ ከዚያም ሞተሩን ያነሣል፤ ብሬም1 ለዚህ 12 ቶን የሚያነሣ ክሬን አለው። የተበጠሰ ሰንሰለት ግን ያለ ክሬንም ይጠገናል፦ የተጎዳው የሰንሰለቱ ቁራጭ ተነቅሎ ይጣልና ጫፎቹ ተስበው በፒን ይያያዛሉ፣ ፒኑም በመዶሻ ይመታል። ገመድ በተወጠረበት ሰዓት በዙሪያው ሰው አይቆምም፤ የተበጠሰ የብረት ገመድ እንደ ጅራፍ ተመልሶ ያገኘውን ይቆርጣል፣ ስለዚህ ሠራተኞቹ ቢያንስ የተዘረጋውን ገመድ ርዝመት ያህል ይርቃሉ።