ጥቁር ድንጋይ፣ ግራናይትና ጨረር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

የአጎቴ ልጅ አዘዞ ላይ ቤት እየሠራ ነው። መሠረቱን በጥቁር ድንጋይ አስወጥቶ፣ ለኩሽናው ግራናይት ሲያማርጥ አንዱ «ድንጋይ ጨረር አለው፣ ካንሰር ያመጣል» አለው። በቃ፣ እንቅልፍ አጣ። ጨረር እንኳ እውነት አለው። ዩራኒየም፣ ቶሪየምና ፖታሲየም-40 የሚባሉ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገሮች በየድንጋዩ በጥቂቱ አሉ። የተሳሳተው ከዚያ ወዲያ ያለው ወሬ ነው።

«ጥቁሩ ይብሳል»
ተገላቢጦሽ ነው። ጥቁር ድንጋይ፣ ማለትም ባዛልት፣ ከነዚህ ነገሮች የሚይዘው ትንሽ ነው። በብዛት የሚገኙት ፈካ ወይም ቀላ ባለው ግራናይት ውስጥ ነው። እሱም ቢሆን እንደየዓይነቱ ይለያያል፤ አብዛኛው ለቤት የሚያሰጋ አይደለም።

«የፋሲል ግንብ አርጅቷል፣ ጨረሩ አልቋል»
ዩራኒየም-238 በግማሽ ለመቀነስ 4.5 ቢሊዮን ዓመት ይፈጅበታል። ግንቡ ከተሠራበት ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ያለው ጊዜ ለሱ ምንም አይደለም።

«ግራናይት ላይ የተከተፈ ሽንኩርት ይበከላል»
አይበከልም። ከድንጋዩ የሚወጣው ጨረር ሽንኩርቱን ጨረር አመንጪ አያደርገውም። እንዲያውም በአንድ አዋቂ ሰው አካል ውስጥ ካለው ፖታሲየም ብቻ በየሰከንዱ 4,000 ያህል አተሞች ይፈራርሳሉ። ከሽንኩርቱ ይልቅ ከታፊው ራሱ ጨረር አለው ብንል አያስቅም።

«እንግዲያው በብሎኬት ወይ በጭቃ ልሥራ»
ሁሉም ከመሬት የወጣ ነው። መጠኑ ይለያያል እንጂ ዜሮ የሚባል የለም።

«አደጋው ያለው ግድግዳው ላይ ነው»
ዋናው ስህተት ይሄ ነው። ሊታሰብበት የሚገባው ራዶን የሚባል ጋዝ ነው። ከዩራኒየም ዘር ይወለዳል፤ ሽታም ቀለምም የለውም። ከሲጋራ ቀጥሎ ለሳንባ ካንሰር ዋና መንስኤ ነው፤ አጫሽ ላይ ደግሞ ይብሳል። ወደ ቤት የሚገባው ግን በአብዛኛው ከታች ካለው አፈር ነው፤ በወለል ስንጥቅና በቧንቧ ዙሪያ ባለ ክፍተት ሾልኮ። ደጅ ከሆነ ነፋስ ይበትነዋል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ግን ይጠራቀማል። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሜትር ኪዩብ አየር ከ100 ቤክሬል (በሰከንድ 100 አተም ሲፈራርስ ማለት ነው) እንዳይበልጥ ይመክራል።

ስለዚህ የአጎቴን ልጅ «ግራናይቱን ተወውና የወለሉን ስንጥቅ ድፈን፣ መስኮት ክፈት» አልኩት። ወለሉን እሺ አለ። መስኮቱ ላይ እናቱ ገቡበት፦ «ልጆቹን ብርድ ልታስመታ ነው እንዴ?»