ቡርዧ ማለት ሀብታም ማለት ነው?

«ቡርዧ» ሲባል አንዱ ባለፋብሪካ፣ ሌላው ቅምጥል ሰው ይመስለዋል። የቃሉ ሥር ግን ሀብት ሳይሆን ቅጥር ነው። በጥንቱ ጀርመንኛ «ቡርግ» ምሽግ ነበር፤ ሀምቡርግ በስሟ ይዛዋለች። ፈረንሳይኛ «ቡር» ብሎ ለተመሸገ ከተማ አዋለው፤ ነዋሪውም ቡርዧ ተባለ። በመካከለኛው ዘመን በቅጥሩ ውስጥ ሱቅ የነበረው ጨርቅ ነጋዴ፣ መኳንንትም ገባርም ስላልነበረ፣ በትክክል ቡርዧ ነበር። እንግሊዝኛ ቃሉን ከፈረንሳይኛ ሁለት ጊዜ ተዋሰው፤ መጀመሪያ «በርጀስ»፣ ከዚያ በ16ኛው መቶ ዘመን «ቡርዧ» ብሎ።

እስከዚህ ያለው እርግጥ ነው። የሚለያየው አጠቃቀሙ ነው። ማርክስ የካፒታል ባለቤት የሆነውን መደብ ይጠራበታል፤ በተራው እንግሊዝኛ ግን ለንብረቱና ለሰው ፊት አብዝቶ የሚጨነቅ የመካከለኛ ኑሮ ሰው ጠባይ ነው። በአብዮቱ ዘመን ጽሑፎቻችን «ከበርቴ» ተብሎ የገባው የማርክሱ ፍቺ ነው፤ «ንዑስ ከበርቴ» ደግሞ ባለትንሽ ሱቁን ጭምር ያካትት ነበር።