ከባሕር ላይ የሚወነጨፍ ትንሽ ሮኬት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አንድ ጀማሪ ኩባንያ «ትንሽ ሮኬት እሠራለሁ፤ ከባሕር ላይ አስወነጭፈዋለሁ፤ ሥራውን ሲጨርስ ከውኃው አውጥቼ ደግሜ አበረዋለሁ» ብሎ ሲያስታውቅ፣ ሰሚው ሦስቱን ነገሮች እንደ አንድ ነገር አድርጎ ይወስዳቸዋል። ሆኖም የሮኬቱ ትንሽነት፣ ከባሕር መነሣቱና ተመልሶ አገልግሎት ላይ መዋሉ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ምክንያትና የየራሳቸው ወጪ ያላቸው ጉዳዮች ናቸው። ባሕሩ የሚሰጠው ባዶ ስፍራና የማስወንጨፊያ አቅጣጫ የመምረጥ ነፃነት ነው፤ ርካሽነት ግን ከባሕሩ ሳይሆን ከበረራ ብዛት የሚገኝ ነው። ስለዚህ ዘርፍ የሚነገሩት አብዛኞቹ ስሕተቶች የሚመነጩት ይህን ልዩነት ካለማስተዋል ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

«ከባሕር ላይ ማስወንጨፍ የዚህ ዘመን ስታርታፖች የፈጠሩት ሐሳብ ነው»

ሐሳቡ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው፤ ቀደም ካሉት ሙከራዎች አንዱ የተካሄደውም ከኢትዮጵያ ብዙ በማይርቅ ስፍራ፣ በኬንያዋ የማሊንዲ ከተማ አቅራቢያ ነው። ጣሊያኖች በፕሮፌሰር ሉዊጂ ብሮሊዮ መሪነት ሳን ማርኮ የተባለውን መድረክ በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ካቆሙ በኋላ፣ ከ1967 እስከ 1988 ድረስ ስካውት በተባሉት የአሜሪካ ሮኬቶች ዘጠኝ ሳተላይቶችን ወደ ምሕዋር ልከውበታል። ከእነዚህ አንዱ ዲሴምበር 12 ቀን 1970 የተወነጨፈውና የሰማይን ኤክስሬይ ለማጥናት ብቻ የተሠራ የመጀመሪያው ሳተላይት የሆነው ኡሁሩ ነው።

ሳን ማርኮ ግን እግሮቹን በባሕሩ ወለል ላይ የተከለ ቋሚ መድረክ ነበር፤ ሮኬቶቹም አንድ ጊዜ በርረው የሚቀሩ ነበሩ። ለዛሬዎቹ ስታርታፖች ይበልጥ የሚቀርቡት አባት የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንን የነበሩት መሐንዲስ ሮበርት ትሩዋክስ ናቸው። ትሩዋክስ ኤሮጄት በተባለው ኩባንያ ውስጥ ሲሠሩ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ «ሲ ቢ» በተባለው ፕሮጀክት አንድ ትርፍ የኤሮቢ ሮኬት ወስደው ከውኃ ውስጥ ሞተሩን አስነሡ፤ ከውኃው አውጥተውም ደግመው ተኮሱት። ሮኬቱን ለድጋሚ ተኩስ ማዘጋጀት የፈጀው ወጪ የአዲሱን ዋጋ 7 በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። ቀጥሎ «ሲ ሆርስ» በተባለው ሙከራ ከዚያ የሚበልጠውን የኮርፖራል ሚሳይል ሞተር በሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ላይ ሞከሩ። ከዚያም 150 ሜትር ርዝመት ያለውን፣ መርከብ በሚሠራበት ሥፍራ ተገንብቶ እየተጎተተ ወደ ባሕር የሚወጣውን የ«ሲ ድራገን» ንድፍ አወጡ፤ ይህ ከወረቀት አላለፈም።

ትሩዋክስ በ1966 የራሳቸውን ድርጅት አቋቁመው፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ ከባሕር ኃይሉ ባገኙት ገንዘብ ከባሕር የሚነሣና ከባሕር የሚሰበሰብ ሮኬት ለመሥራት ሞከሩ፤ ድጋፉ ሲቋረጥ ሥራውም አንድም ጊዜ ምሕዋር ሳይደርስ ቆመ። በእኔ እምነት ከዚህ ታሪክ የሚበልጠው ክፍል የድርጅቱ መውደቅ ሳይሆን የሰውየው መከራከሪያ ነው፦ ሮኬትን ውድ የሚያደርገው ግዝፈቱ ሳይሆን ውስብስብነቱ ነው ይሉ ነበር። ስለዚህም ስስ ፓምፖችን ትተው ነዳጁን በጋዝ ግፊት ብቻ ወደ ሞተሩ የሚገፋ፣ ወፍራም ግድግዳ ያለው ከባድ ሮኬት መረጡ። ውኃ ላይ ወድቆ የማይጎዳውም በዚሁ ጥንካሬው ምክንያት ነው።

«ዋናው ጥቅም ከምድር ወገብ ላይ ማስወንጨፍ መቻሉ ነው»

ይህ ለአንዳንድ ሳተላይቶች እውነት ነው፤ ለሌሎች ግን ጭራሽ ተቃራኒው ነው። ምድር በራሷ ዛቢያ ስትሽከረከር ምድር ወገብ ላይ ያለ ነገር በሰከንድ 465 ሜትር ገደማ ወደ ምሥራቅ ይጓዛል፤ ወደ ምሥራቅ የሚወነጨፍ ሮኬትም ይህን ፍጥነት በነፃ ያገኛል። ለቴሌቪዥንና ለመገናኛ አገልግሎት ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው ለሚቀመጡት ከባድ ሳተላይቶች ይህ ትልቅ ስጦታ ነው። «ሲ ሎንች» የተባለው ኩባንያ ኦዲሲ የተሰኘውን ተንሳፋፊ መድረኩን ከካሊፎርኒያ ሎንግ ቢች ወደብ አስነሥቶ፣ በመካከለኛው ፓሲፊክ ልክ ምድር ወገብ ላይ እስከሚገኝ ነጥብ ድረስ ይወስድ የነበረው ስለዚሁ ነው።

በትንንሽ ሮኬቶች የሚላኩት ግን በብዛት ምድርን ፎቶ የሚያነሡ ሳተላይቶች ናቸው። እነዚህ ከሰሜን ወደ ደቡብ ዋልታዎቹን ታክከው የሚዞሩበትን፣ አንድን ቦታ ሁልጊዜ በተመሳሳይ የፀሐይ ሰዓት የሚያዩበትን ምሕዋር ይመርጣሉ። በዲሴምበር 2019 ከቻይና ታይዩዋን የተወነጨፈችው የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 የምትዞረው በእንዲህ ዓይነቱ ምሕዋር ነው። ይህ ምሕዋር በትንሹ ወደ ምዕራብ ያዘነበለ ስለሆነ፣ ሮኬቱ ምድር የሰጠችውን ወደ ምሥራቅ የሚገፋ ፍጥነት መልሶ ማጥፋት ይኖርበታል። ስለዚህ ምድር ወገብ ላይ ሆኖ ማስወንጨፍ እንዲያውም ትንሽ ኪሳራ አለው፤ ታይዩዋንም ባሕር የሌለው ቦታ መሆኑ አንዳች አላጎደለባትም።

ባሕር ለዚህ ዓይነቱ በረራ የሚጠቅመው በሌላ መንገድ ነው፦ አቅጣጫን በመክፈት። የእስራኤልን ሁኔታ እንመልከት። በስተምሥራቅ ጎረቤት አገሮች ስላሉ ሻቪት የተባለው ሮኬቷ ከፓልማሂም የሚወነጨፈው ወደ ምዕራብ፣ በሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ነው፤ ከ1988 የመጀመሪያ በረራው ጀምሮ የምድርን ሽክርክሪት ሲቃወም ኖሯል፤ በዚህም የሚሸከመው ክብደት ይቀንስበታል። ማስወንጨፊያው ተንሳፋፊ ቢሆን ኖሮ፣ ሰው ከማይኖርበት የውቅያኖስ ክፍል ተነሥቶ የፈለገውን አቅጣጫ ለመምረጥ በቻለ ነበር። ተንሳፋፊ መድረክ የሚሸጠው ትልቁ ዕቃ ይህ ነው።

«ማዕበሉ ሮኬቱን ይጥለዋል»

ማዕበል የማስወንጨፊያ ቀንን ያራዝማል እንጂ ሥራውን የማይቻል አያደርገውም። ኦዲሲ ታንኮቹን በባሕር ውኃ ሞልቶ አካሉን ዝቅ ያደርግ ስለነበር ሞገዱ እምብዛም አይነቀንቀውም ነበር፤ ሠራተኞቹም ነዳጅ ከመሞላቱ በፊት ወደ አጃቢዋ መርከብ ተሻግረው በርቀት ይቆጣጠሩት ነበር። በጁን 2019 ከቢጫ ባሕር የተነሣው የቻይና ሎንግ ማርች 11 ደግሞ ጠጣር ነዳጅ የሚጠቀም በመሆኑ፣ በጋዝ ግፊት ከማቀፊያ ቱቦው ወደ አየር ከወጣ በኋላ ነው ሞተሩ የሚቀጣጠለው። በፈሳሽ ነዳጅ ለሚሠሩ ሮኬቶች አስቸጋሪው ነዳጁን የሚያቃጥለው ፈሳሽ ኦክስጅን ነው፤ ከዜሮ በታች 183 ዲግሪ የቀዘቀዘን ፈሳሽ በባሕር ላይ ለቀናት ማቆየት ራሱን የቻለ ምሕንድስና ይጠይቃል።

«ስፔስኤክስም የሚሠራው ይህንኑ ነው»

አይደለም። የአሜሪካው ኩባንያ ስፔስኤክስ ሮኬት ፋልከን 9 የሚነሣው ከየብስ ነው፤ ከኤፕሪል 2016 ጀምሮ በተንሳፋፊ መድረክ ላይ የሚያርፈው የታችኛው ክፍሉ ብቻ ነው። ኩባንያው ስታርሺፕ ለተባለው ግዙፍ ሮኬቱ ሁለት የነዳጅ መቆፈሪያ መድረኮችን ገዝቶ የነበረ ቢሆንም፣ መሸጡን በ2023 አስታውቋል።

«ጨው ውኃ የነካው ሮኬት አበቃለት» ወይም በተቃራኒው «አጥቦ ማስነሣት ነው»

ሁለቱም አባባሎች ይሰማሉ፤ ሁለቱም ግማሽ እውነት ናቸው። ስፔስ ሻትል የተባሉት የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩሮች ሁለቱ የጎን ሮኬቶች ከ1981 እስከ 2011 ድረስ በፓራሹት አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ እየወረዱ ሲሰበሰቡ ኖረዋል። ሮኬቱ ውኃው ላይ ቀጥ ብሎ ሲንሳፈፍ ጠላቂዎች ወደ ሥሩ ወርደው የጭስ መውጫውን ይደፍኑታል፤ ከዚያ አየር ተነፍቶ ውስጡ የገባው ውኃ ሲወጣ ሮኬቱ በጎኑ ይጋደማል፤ መርከቧም እየጎተተች ወደ ኬፕ ካናቬራል ታደርሰዋለች፤ እዚያ ታጥቦ ይበታተናል፤ እያንዳንዱ ክፍል ተመርምሮም እንደገና ይሞላል። እነዚህ ግን ወፍራም የብረት በርሜሎች ነበሩ፤ እንዲህም ሆኖ የጥገናው ወጪ ቀላል አልነበረም።

የፈሳሽ ነዳጅ ሞተር ከዚህ የተለየ ነው፤ ጥቃቅን ቀዳዳዎች፣ የሚሽከረከሩ ዘንጎችና የኤሌክትሪክ መገናኛዎች አሉት። የሮኬት ላብ ኩባንያ የኤሌክትሮን ሮኬቱን የታችኛ ክፍል ከዚህ ጉዳት ለማዳን ሲል በሜይ 2022 በፓራሹት እየወረደ ሳለ በሄሊኮፕተር አየር ላይ ለመያዝ ሞክሮ ነበር። መንጠቆው ፓራሹቱን ያዘ፤ አብራሪው ግን የተንጠለጠለው ጭነት በልምምድ ከለመዱት የተለየ ሆኖ ስላገኘው ለቀቀው፤ ሮኬቱም ባሕር ላይ አርፎ በመርከብ ተወሰደ። ከዚያ በኋላ ኩባንያው ከባሕር የወጡት አካላት ከተጠበቀው በላይ ደህና መሆናቸውን አይቶ ሄሊኮፕተሩን ተወውና ስስ ክፍሎቹን ውኃ እንዳይገባባቸው ወደ መሸፈን ዞረ። በኦገስት 2023ም ከዚህ ቀደም የበረረ አንድ ሞተር ከስምንት አዳዲስ ሞተሮች ጋር ደግሞ በረረ። አንድ ሞተር ነው እንግዲህ፤ ሙሉ ሮኬት አይደለም።

«ሮኬቱ ትንሽ ስለሆነ፣ ደግሞም ተመልሶ ስለሚሠራ ርካሽ ይሆናል»

ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው፤ ባለሀብቶችም ጭምር። ሮኬት ሲያንስ የሚያንሰው ሁሉም ነገር በእኩል መጠን አይደለም። የበረራ ኮምፒውተሩ፣ የሬዲዮ መሣሪያዎቹና ፓራሹቱ ወይም የማረፊያ እግሮቹ የተወሰነ ክብደት አላቸው፤ በትልቅ ሮኬት ላይ የማይታወቀው ይህ ክብደት በትንሽ ሮኬት ላይ የጭነቱን ድርሻ ይበላዋል። ኤሌክትሮን 18 ሜትር ርዝመትና 13 ቶን ገደማ ክብደት ኖሮት ወደ ዝቅተኛ ምሕዋር የሚያደርሰው ቢበዛ 300 ኪሎ ግራም ነው። ከዚህ ላይ ለማረፊያ ነዳጅ የሚቆረጥ ትርፍ ስለሌለው ነው እንደ ፋልከን 9 በሞተር ከማረፍ ይልቅ ፓራሹት የመረጠው።

ሂሳቡንም እንየው። የአንድ የኤሌክትሮን በረራ ዋጋ 7.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ በነበረበት ጊዜ፣ ሮኬቱ ሙሉ ጭነት ቢይዝ እንኳ ለአንድ ኪሎ ግራም 25,000 ዶላር ይደርስ ነበር። ስፔስኤክስ በ2019 ይፋ ያደረገው የጋራ ጉዞ ዋጋ ግን ለ200 ኪሎ ግራም 1 ሚሊዮን ዶላር፣ ማለትም ለአንድ ኪሎ ግራም 5,000 ዶላር ነበር፤ በጃንዋሪ 2021 የበረረው የመጀመሪያው ጉዞም 143 ሳተላይቶችን ባንድ ጊዜ ይዞ ወጥቷል። አውቶቡስና ኮንትራት ታክሲ እንደማለት ነው፤ ኮንትራቱ የሚያስከፍለው በራስህ ሰዓት ወደ ራስህ በር ስለሚወስድህ ነው። የትንሽ ሮኬት ደንበኛ የሚከፍለውም ለተለየ ምሕዋርና ለተለየ ቀን ነው፤ ዋጋ ብቻ የሚያየው ደንበኛ ትልቁን ይሳፈራል።

ድጋሚ መጠቀሙም ቢሆን በራሱ ገንዘብ አይቆጥብም። መልሶ ለማንሣት መርከብ፣ ሠራተኛ፣ ማጠቢያና መመርመሪያ ያስፈልጋል፤ ይህ ሁሉ ሮኬቱ ቢበርም ባይበርም የሚከፈል ወጪ ነው። በዓመት ሦስት ጊዜ ብቻ ለሚበርር ኩባንያ አዲስ ሮኬት መሥራት ሊረክስለት ይችላል። ማስወንጨፊያው ራሱ በባሕር ላይ ሲሆን ደግሞ የመድረኩ ጥገና፣ ጉዞውና የባሕረኞቹ ደመወዝ በዚያ ላይ ይጨመራል። «ለማስወንጨፊያ ቦታ ኪራይ አንከፍልም» የሚለው ማስታወቂያ ይህን ወገን ሳይቆጥር የተነገረ ነው።

«ዓለም አቀፍ ውኃ ላይ ማንም አይጠይቅም»

ይህም ስሕተት ነው። በ1967ቱ የጠፈር ስምምነት መሠረት መንግሥታት የግል ኩባንያዎቻቸውን የጠፈር ሥራ የመፍቀድና የመቆጣጠር ኃላፊነት አለባቸው፤ በ1972 የተፈረመው የካሣ ስምምነትም ጉዳት ሲደርስ ተጠያቂው ያስወነጨፈው ወይም እንዲወነጨፍለት ያደረገው መንግሥት እንደሆነ ይደነግጋል። ኦዲሲ የላይቤሪያን ባንዲራ ይዞ ከየትኛውም አገር ዳርቻ ርቆ ሲሠራ እንኳ የማስወንጨፍ ፈቃዱን የሚሰጠው የአሜሪካ ፌደራል አቪዬሽን አስተዳደር ነበር። ከሲ ሎንች ባለድርሻዎች አንዱ የነበረው የአሜሪካው ቦይንግም በዚሁ ሽርክና ውስጥ የቴክኖሎጂ መረጃ ያለፈቃድ ለውጭ አጋሮች አስተላልፏል ተብሎ በ1998 10 ሚሊዮን ዶላር ተቀጥቷል። በዚህ ላይ በረራ በተካሄደ ቁጥር ለመርከቦችና ለአውሮፕላኖች ማስጠንቀቂያ ማውጣት ግዴታ ነው።

«ሲ ሎንች የከሰረው የባሕሩ ነገር ስላልሠራ ነው»

ከማርች 1999 እስከ ሜይ 2014 ከተደረጉት 36 በረራዎች 32ቱ ሙሉ በሙሉ የተሳኩ ነበሩ፤ ለባሕር ማስወንጨፊያ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ማግኘት ይከብዳል። ጃንዋሪ 30 ቀን 2007 ሮኬቱ እዚያው መድረኩ ላይ ሲፈነዳ ማንም ሰው አልተጎዳም፤ ሁሉም በመርከቧ ላይ ነበሩና። ኦዲሲም ተጠግኖ ከአንድ ዓመት ያህል በኋላ ወደ ሥራ ተመለሰ። ኩባንያውን በ2009 ለክስረት ጥበቃ ያበቃው በዓመት ጥቂት በረራዎች ብቻ እያደረገ ትልቅ መድረክና ትልቅ መርከብ መቀለቡ ነው። በኋላም ሮኬቱ በዩክሬን ተሠርቶ ዋና ሞተሩ ከሩሲያ የሚመጣ ስለነበር፣ በ2014 የሁለቱ አገሮች ግንኙነት ሲበጠስ የሚወነጨፍ ሮኬት ራሱ ጠፋ።

ዛሬ በቻይና ሻንዶንግ ግዛት በምትገኘው ሃይያንግ የሚታየው አሠራር ከዚህ የተለየ ነው። ሮኬቶቹ እዚያው ወደቡ አጠገብ ይገጣጠማሉ፤ መርከቧም የምትርቀው ጥቂት ብቻ ነው። በ2020 የተመሠረተው የግል ኩባንያ ኦሪየንስፔስ በጃንዋሪ 11 ቀን 2024 ግራቪቲ-1 የተባለውን ሮኬት በመጀመሪያ በረራው ወደ ምሕዋር ያደረሰው ከዚያው ባሕር ላይ ነው፤ ሮኬቱ ግን ጠጣር ነዳጅ የሚጠቀምና አንድ ጊዜ ብቻ የሚበርር ነው።